እንግዳ ስም በሂሳብ መግለጫው ላይ

የአርባው ተዝካር ወጥቶ፣ የተከራዩት ወንበሮች ተመልሰው፣ ለቅሶ ደራሹም ወደየሥራው ገብቶ ቤቱ ጭር ባለበት ሳምንት ነበር ፖስታው የደረሰው። አገሩ አሜሪካ፣ ከተማው በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት የምትገኘው አሌክሳንድሪያ ነው። ወይዘሮዋ ፖስታውን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ከባንክ የተላከ የኖቬምበር ወር የሂሳብ መግለጫ ነበር።

ይህን ወረቀት ማንበብ የእርሳቸው ሥራ ሆኖ አያውቅም። ከሃያ ዓመት በላይ በዋሺንግተን ጎዳናዎች ታክሲ የነዱት ሟች ባለቤታቸው በየወሩ መነጽራቸውን አድርገው፣ እርሳስ ቀርጸው፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጠው እያንዳንዱን መስመር ይመረምሩ ነበር። የሚያውቁትን ወጪ በአጭር ጭረት ያልፉታል፤ የማያውቁትን ይከብቡታል። የተከበበ ነገር ሳይጣራ አይቀርም። አሁን እርሳሱ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ወይዘሮዋ አነሡትና እንደ ባላቸው ከላይ ጀመሩ። መብራት፣ ውኃ፣ የሆስፒታሉ የመኪና ማቆሚያ፣ መድኃኒት ቤት፣ እንጀራ የሚገዙበት ሱቅ። ሁሉም የሚታወቅ ነው። ከገጹ አጋማሽ ሲደርሱ ግን እርሳሱ ቆመ።

መስመሩ በአህጽሮት የተቆራረጠ የድርጅት ስም ይዟል። ከስሙ ቀጥሎ የመኪና መለዋወጫ አከፋፋይ መሆኑን የሚያመለክቱ ቃላት፣ አንድ የስልክ ቁጥር፣ በሁለት ፊደል የተጻፈ የሩቅ ክፍለ ግዛት ምልክት፣ በመጨረሻም 198 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይነበባል። ቀኑ ኖቬምበር 9 ነው። ክፍያው የተፈጸመበት ካርድ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የባለቤታቸው ናቸው። ባለቤታቸው ደግሞ ያረፉት ኦክቶበር 26 ቀን ነበር።

ሙት ገበያ አይወጣም። ካርዱም ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በመኝታ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ታዲያ ሰውየው ባረፉ በሁለተኛው ሳምንት፣ ስሙን ሰምተውት ከማያውቁት ድርጅት፣ በስማቸው የመኪና ዕቃ የገዛ ማን ነው?

በዚያ ቤት ምድር ክፍል ውስጥ የባለቤታቸው ወንድም ልጅ ይኖራል። ከሦስት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው። አየር ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ ይጭናል፤ ያወርዳል። ሥራው የሚጀምረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነውና የሚመላለስባት አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለችው። ባለቤታቸው ጡረታ ሲወጡ ታክሲያቸውን ሸጠዋል፤ ወይዘሮዋ መኪና አይነዱም። ስለዚህ በዚያ ቤት መለዋወጫ የሚያስፈልገው ሰው አንድ ብቻ ነበር። በሕመሙም ጊዜ ካርዱን ይዞ መድኃኒት ቤት የሚሄደው፣ የምስጢር ቁጥሩንም የሚያውቀው ይኸው ልጅ ነው።

«ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይላል ተረቱ። ወይዘሮዋ ስንጥሩን ያገኙት መሰላቸው።

ሁለት ቀን ምንም አልተናገሩም። ነገር ግን ዝምታም ይሰማል። ልጁ ከሥራ ሲመለስ «እንዴት ዋልክ ልጄ» ይሉት የነበሩት ሴት «ራትህ ምድጃው ላይ ነው» ብለው ወደ መኝታቸው መግባት ጀመሩ። ካርዱን ከመሳቢያው አውጥተው በቦርሳቸው አደረጉት፤ ከቦርሳቸውም አውጥተው ከልብሳቸው ሥር ሸሸጉት። የተከበበውን ወረቀት ግን ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሡት ቀርተው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ባንኩ ስልክ ደወሉ። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲያጋጥም የሚደውልላቸው ልጁ ነበር፤ አሁን ግን በሩን ዘግተው፣ ያላቸውን እንግሊዝኛ ሰብስበው ራሳቸው ተናገሩ። ሠራተኛው ትሑት ሰው ነበር። ክፍያውን እንደማያውቁት ከሰማ በኋላ ሕጉን በዝግታ አስረዳቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የኤሌክትሮኒክ የገንዘብ ዝውውር ሕግ፣ ደንበኛው የማያውቀውን ወጪ መግለጫው በተላከለት በ60 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ባንኩ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማጣራት አለበት፤ ተጨማሪ ጊዜ ካስፈለገው ገንዘቡን ለጊዜው ለደንበኛው መልሶ፣ ማጣራቱን እስከ 45 ቀን ሊያራዝመው ይችላል።

ወይዘሮዋ እፎይ ሊሉ ሲሉ ሠራተኛው አንድ ጥያቄ አስከተለ። «ካርዱን ለሌላ ሰው ሰጥተው ያውቃሉ?»

ጥያቄው የቀረበው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለካርዱ ካርዱን በፈቃዱ የሰጠው ሰው የሚፈጽመው ክፍያ፣ ያ ሰው ከእንግዲህ አልተፈቀደለትም ተብሎ ለባንኩ እስካልተነገረ ድረስ፣ በሕጉ ዓይን እንደ ስርቆት አይቆጠርም። ወይዘሮዋ እውነቱን ቢናገሩ የልጁን ስም በባንክ መዝገብ ላይ ማስፈር ሊኖርባቸው ነው፤ አልሰጠሁም ቢሉ ደግሞ ሐሰት ነው። በሆዳቸው ሲያመላልሱት የሰነበቱት ነገር በሌላ ሰው አፍ በጥያቄ መልክ ሲመጣባቸው መልስ አጡ።

«ሳስብበት ልደር» አሉ።

«መልካም ነው» አለ ሠራተኛው። «ከዚያ በፊት ግን በመስመሩ ላይ ወዳለው ቁጥር ይደውሉ። ብዙ ጊዜ የማይታወቀው ግዢው ሳይሆን ስሙ ነው።»

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የሰውየው የሙያ እውቀት ናት፤ ጥቂት ማብራሪያም ትሻለች። በሂሳብ መግለጫ ላይ የሚወጣው ስም ገዢው በሱቁ ደጃፍ ላይ ያነበበው ስም ላይሆን ይችላል። ነጋዴው ካርድ ለመቀበል ከባንክ ጋር ሲዋዋል ያስመዘገበው ስም ነው ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው። በአንድ ሰፈር በአንድ ስም የሚታወቅ ሱቅ በሕግ የሌላ ኩባንያ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል፤ የዋናው መሥሪያ ቤት አድራሻም በሌላ ክፍለ ግዛት ይሆናል። ለስሙ የተመደበው ቦታ ከሃያ ጥቂት ፊደላት የማይበልጥ በመሆኑ ረጅም ስም ይቆረጣል። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለሚታዘዝ ዕቃ ብዙ ጊዜ በከተማው ስም ፈንታ የስልክ ቁጥር ይገባል። ባንኩም ከስሙ ጋር ባለ አራት አኃዝ የንግድ ዓይነት መለያ ይደርሰዋል፤ ለምሳሌ 5533 የመኪና መለዋወጫ መደብር ማለት ነው። መለያው የተገዛበትን ቤት ዓይነት ይነግራል እንጂ ለማን፣ ስለ ምን እንደተገዛ አይናገርም።

ቀኑም ቢሆን ያሳስታል። በመግለጫው ላይ የሚታየው ቀን ገዢው ከሻጩ ፊት የቆመበት ቀን ላይሆን ይችላል። ዕቃው ከመጋዘን የጠፋ እንደሆነ ሻጩ ትእዛዙን ተቀብሎ፣ ገንዘቡን የሚወስደው ዕቃው በተላከበት ቀን ይሆናል። በትእዛዙና በክፍያው መካከል ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በሳምንታት ውስጥም ብዙ ነገር ይሆናል።

ወይዘሮዋ በወጣትነታቸው የሚያውቁት ገበያ ከዚህ የተለየ ነበር። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚገዛ ሰው ሻጩን በመልክ ያውቀዋል፤ አሮጌውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወስዶ «ይህን የመሰለ» ይላል፤ ይከራከራል፤ ዋጋ ይቆርጣል። ከሳምንት በኋላ ጥያቄ ቢነሣ መልሱ ያለው ከዚያው ሱቅ ደጃፍ ነው። ዛሬ ግን ያ ገበያም እየተለወጠ ነው። ኤም ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ፣ ቴሌብር ደግሞ በ2021 በኢትዮጵያ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ የናይሮቢም ሆነ የአዲስ አበባ ሸማች ከክፍያ በኋላ በስልኩ መልእክት ላይ የሚያነበው ስም ከሱቁ ታፔላ ጋር ሳይገጥምለት ሲቀር ቆም ብሎ ማሰቡ አልቀረም። አንዳንዴ ስሙ የባለሱቁ የአባት ወይም የእህት ስም ሆኖ ይገኛል። የወይዘሮዋ ጭንቀት እንግዲህ የባሕር ማዶ ሰው ጭንቀት ብቻ አይደለም።

በዚያው ምሽት ልጁ ከሥራ ሲገባ ወደ ምድር ክፍሉ አልወረደም። ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ከጃኬቱ ኪስ አንድ ወፍራም ፖስታ አወጣና ከተከበበው ወረቀት አጠገብ አኖረው።

«እትዬ፣ ጋሼ ከታመሙ ጀምሮ በካርዱ የከፈልኩበት ደረሰኝ ሁሉ እዚህ አለ። በየቀኑ ቅደም ተከተል አድርጌዋለሁ። ይህ የከበቡት ግን የእኔ አይደለም።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወይዘሮዋ ፖስታውን ከፈቱት። የመድኃኒት፣ የሾርባ፣ የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ደረሰኞች ነበሩ፤ አንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ለጋሼ ብርድ ልብስ»፣ «የእትዬ ቡና» የሚል ተጽፎበታል። ማንም እንዲህ አድርግ ሳይለው ይህን ሁሉ ያስቀመጠው ለምን ይሆን? ምናልባት በሰው ቤት የሚኖር ሰው አንድ ቀን እንደሚጠየቅ ስለሚያውቅ ይሆናል። ወይዘሮዋን ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈራቸው ይህ ነበር። እርሳቸው ከሦስት ቀን በፊት የጀመሩትን ጥርጣሬ ልጁ ቤታቸው ከገባበት ቀን ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል።

«ቁጭ በል» አሉት። «አንተን ጠርጥሬ ነበር።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ይህ ስልክ ቁጥር እንዲደወልበት ተነግሮኛል። አብረን እንደውል።»

ስልኩን በጠረጴዛው መካከል አድርገው ድምፁን ከፈቱት። ያነሣችው ሴት የክፍያውን ቀንና መጠን፣ የካርዱንም የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ጠየቀች። ጥቂት ከቆየች በኋላ ትእዛዙን አገኘችው። የታዘዘው በስልክ አልነበረም፤ እዚያው አሌክሳንድሪያ በሚገኝ ሱቅ፣ ኦክቶበር 17 ቀን፣ ሰውየው ራሳቸው ቀርበው ያዘዙት ነው። ሆስፒታል ከመግባታቸው ሁለት ቀን በፊት መሆኑ ነው። የሱቁን ስም ስትናገር ወይዘሮዋ ደነገጡ፤ በአውቶቡስ ሲያልፉ በየሳምንቱ ታፔላውን የሚያዩት ቤት ነው። በወረቀቱ ላይ የተቆራረጠው ስም የሱቁ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ስም ኖሯል። ዕቃው በወቅቱ ስላልነበረ ከሌላ መጋዘን እስኪመጣ ተጠበቀ፤ ገንዘቡም በተላከበት ቀን ተወሰደ። ዕቃው ከደረሰ ወር ሊሞላው ነው፤ በተሰጠው ስልክ ቢደወል የሚያነሣ አልተገኘም።

«ዕቃው ምንድን ነው?» አለ ልጁ።

ሴትየዋ በእንግሊዝኛ ስሙን ነገረችው። ልጁ ለወይዘሮዋ ሊያስረዳ ዞር አለ። «ሞተሪኖ ነው እትዬ።»

«ለየትኛው መኪና?»

«እ.ኤ.አ. የ1999 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ» አለች ሴትየዋ።

ልጁ ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። ያቺ መኪና የእርሱ ናት። ብርድ ሲጀምር በየሌሊቱ ቁልፉን ሲያዞር «ቀጭ» ትልና ዝም ትላለች፤ እርሱም በባትሪ መብራት ከሥሯ ገብቶ ሞተሪኖውን በመፍቻ መታ መታ አድርጎ ያስነሣት ነበር። ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገረም፤ ለአሠሪው ዘግይቶ መድረስ፣ ለዘመዶቹ ደግሞ ሸክም መሆን አልፈለገም። ከላይኛው ክፍል ግን አንድ ሽማግሌ እንቅልፍ አጥተው ያዳምጡ ኖሯል። ዕድሜ ልኩን መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ሕመሟን በድምፅዋ ይለያል። መብራቷ ሳይደክም «ቀጭ» ብላ ዝም የምትል መኪና ባትሪዋ ሳይሆን ሞተሪኖዋ እንደሚጠረጠር ያውቃል። አይተው፣ ጠይቀው፣ ሞዴሏን በወረቀት ይዘው፣ በታመመ እግራቸው እስከ ሱቁ ሄደው አዘዙ። ዕቃው ሳይደርስ ማውራት አልወደዱም።

ወይዘሮዋ ከመሳቢያው የባለቤታቸውን ስልክ አወጡ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ጠፍቶ የተቀመጠ ነበር። ኤሌክትሪክ ላይ ሰክተው ሲከፍቱት የድምፅ መልእክቶቹ ገቡ። ከሐዘን መግለጫዎቹ መካከል የሱቁ ሠራተኛ ድምፅ ሦስት ጊዜ አለ። ሟቹን በስማቸው እየጠራ፣ ዕቃቸው ደርሶ እንደሚጠብቃቸው፣ እስከ ማታ ክፍት መሆናቸውን ይናገራል። ሁለቱም ሦስቱንም መልእክት እስከ መጨረሻው ሰሙት።

በማግሥቱ አብረው ወደ ሱቁ ሄዱ። ሻጩ ሣጥኑን ከመደርደሪያ አውርዶ ደረሰኙን ሰጣቸው። በደረሰኙ ላይ ሌላ እንቆቅልሽ ነበር፤ ከተከፈለው ገንዘብ ውስጥ 45 ዶላሩ ለብቻው ተጽፏል። ሻጩ እንዳስረዳቸው ይህ ዋጋ ሳይሆን መያዣ ነው። እንደ ሞተሪኖና ዲናሞ ያሉ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ አሮጌው ተፈትቶና ታድሶ ዳግመኛ የሚሸጡ በመሆናቸው፣ ገዢው የተበላሸውን እንዲመልስ መያዣ ያስይዛል። አሮጌውን ሲያመጣ ገንዘቡ ይመለስለታል። ልጁ ሳቅ አለ። «ሶማሌ ተራም አሮጌውን ይዘህ ና ይላሉ» አለ በአማርኛ። ወይዘሮዋ ከተዝካሩ ወዲህ ሲስቅ ያዩት ያን ጊዜ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ከሟቹ ጋር ታክሲ ይነዳ የነበረ አንድ ወዳጃቸው መፍቻውን ይዞ መጣና ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሞተሪኖውን ቀየረው። የእጅ ዋጋ ሲሰጡት እንቢ አለ፤ ቡና ጠጥቶ ሄደ። አሮጌው ሞተሪኖ በዚያው ቀን ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ተጠናቀቀ ማለት ግን አይቻልም። ልጁ ዛሬም ወይዘሮዋ ካርዳቸውን ሰጥተው ሲልኩት ደረሰኙን ሳይጠየቅ ያመጣል፤ ሳንቲሙን ሳይቀር ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። «ተው እንጂ ልጄ» ቢሉትም አይተውም። እርሳቸውም ይህን ሲያዩ ምን እንደሰበሩ ያውቃሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት ኖሮ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። ባለቤታቸው የማያውቁትን መስመር ይከብቡ የነበረው ሊጠይቁ ነው። እርሳቸው ግን ከበቡና ፈረዱ። የማይታወቅ ወጪን ዝም ብሎ ማለፍ ሞኝነት ነው፤ መጣራት አለበት፤ ሕጉም ጊዜ የሰጠው ለዚህ ነው። ነገር ግን ማጣራት የሚጀምረው ከስልክ ቁጥሩ እንጂ በቤት ውስጥ ካለው ሰው ፊት አይደለም።

በወሩ መጨረሻ አዲስ የሂሳብ መግለጫ መጣ። ያው የተቆራረጠ ስም፣ ያው የስልክ ቁጥር፣ ያው የሩቅ ክፍለ ግዛት ምልክት እንደገና ታየ። በዚህ ጊዜ ግን የታየው ከገቢው በኩል ነው፤ 45 ዶላር። ወይዘሮዋ እርሳሱን አንሥተው በአጠገቡ አጭር ጭረት አደረጉ። ከዚያም ያለፈውን ወር ወረቀት ከመሳቢያው አውጥተው፣ ከተከበበው መስመር ጎን በአማርኛ «ሞተሪኖ፤ ለልጁ» ብለው ጻፉበትና ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አስቀመጧቸው።